ወይዘሮ ፀሐይ በአካል ይቅረቡ

እትዬ ሶልያና አንዲትን ሴት ሌሊቱን ሙሉ፣ ያለ ውልና ያለ ምሳ፣ ጣሪያ ላይ አውጥተው በማሠራት የተከሰሱት በ2087 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው። ተበዳይዋ ፀሐይ ነበረች።

ክሱን ያነበበላቸው ቀበሌ ነው። ቀበሌ በዚህ ዘመን መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን ድምፅም ነው፤ በየቤቱ ከበሩ መቃን ላይ ሆኖ ይናገራል። ትሑት ድምፅ አለው። ሲሠሩት የሰማንያ ዓመት የቀበሌ መዝገብ አንድም ሳይቀር ስላጎረሱት ግን ከእውቀቱ ጋር ጠባዩንም ወርሷል። ረፋድ ላይ «ሻይ ልጠጣ ወጥቻለሁ» ይልና ዝም ይላል። ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣበት «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል፤ ኃላፊ የለውም። ጨርሶ ሲጨንቀው ደግሞ «ሲስተም የለም» ይላል። ሲስተሙ እሱ ነው። ነዋሪው ለምዶታል፤ እንዲያውም አንድ ሰሞን ቶሎ ቶሎ መመለስ ጀምሮ ሕዝቡ ተጠራጥሮት ነበር።

እትዬ ሶልያና ጫጩት ያሳድጋሉ። (ሶልያና የሚለው ስም ዛሬ የአሮጊት ስም ነው። ገበያ መሀል ቆሞ «ሶልያና!» ብሎ የተጣራ ሰው ከዘራ የያዙ ሴቶች ብቻ ናቸው ዞር የሚሉለት።) ጫጩቶቹን ከእንቁላል በወጡ በማግስቱ ይረከባሉ፤ ላባ አውጥተው ብርድ መቋቋም ሲጀምሩ ያስረክባሉ። በመካከሉ ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ማሞቅ። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ሣሩን አመዳይ አልብሳ ነው የምታነጋው። ለአንድ ቀን ጫጩት አንድ እንዲህ ያለ ሌሊት ለሞት በቂው ነው።

ከሰል የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። የከተማው ሙቀት የሚታደለው በሰው ቁጥር ነው፤ ጫጩት በሰው አይቆጠርም። ስለዚህ እትዬ ሶልያና የጫጩቶቹን ቤት ጣሪያ በጥቁር ሰሌዳ አልብሰውታል። ቀን ላይ ሰሌዳው ፀሐይ ይጠጣል፣ ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ ይሞቃል፣ ሌሊት ውሃው ሙቀቱን በሰጋቱራው በኩል ቀስ እያለ ይለቃል፤ ሦስት መቶ ጫጩት ሆዱን ለጥፎ ያድራል። እትዬ ሶልያና ሙቀት መለኪያ አይጠቀሙም። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ወለሉ ላይ እንደ ተበተነ በቆሎ ከተዘረጉ ልክ ነው።

ስሕተቱ የተሠራው በአንድ ጠዋት ነው። ቀበሌ በየጠዋቱ ጥያቄ አለው። ያን ዕለት እትዬ ሶልያና አዲስ የመጡትን ጫጩቶች አንድ በአንድ እያነሱ ምንቃራቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ መጠጣት ያስተምሩ ነበርና ወደ በሩ ዞር ሳይሉ ነው የመለሱት።

«ጫጩቶቹን የሚያሞቅልዎ ማን ነው?» አለ ቀበሌ።

«ማን ይሆናል? ፀሐይ ናት እንጂ!»

«ፀሐይ የዚህ ቤት ነዋሪ ናቸው?»

«ኧረ ትመጣለች፣ ትሄዳለች።»

«ስንት ሰዓት ይገባሉ?»

«አሥራ ሁለት ነዋ፤ ማታ።»

«ስንት ሰዓት ይወጣሉ?»

«ጠዋት አሥራ ሁለት።»

«ሌሊቱን ይሠራሉ ማለት ነው?»

«ዋናው ሌሊቱ አይደል እንዴ! ቀንማ ጣሪያ ላይ ናት። ሌሊት የሚያሞቃቸው የእሷው ልፋት ነው።»

«ጣሪያው ላይ ምሳ ይበላሉ?»

«ፀሐይ?» እትዬ ሶልያና ሳቁ። «ፀሐይ ደግሞ ምን ምሳ አላት!»

«የዕረፍት ቀን አላቸው?»

«እኔ እስከማውቀው ቀርታ አታውቅም።»

«ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ሰው ሲገባ ሥራ ይጀምራል፤ ፀሐይ ስትገባ ሥራዋን ትጨርሳለች። ይህን ልዩነት ለቀበሌ ያስተማረው አልነበረም። በዚያ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ኮሚቴ ሆቴል ገብቶ፣ ሰንብቶ፣ ለፀሐይ «የቀን ብርሃን ሀብት» የሚል ስም አውጥቶላት ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ወረቀት ላይ ፀሐይ አትወጣም፤ የቀን ብርሃን ሀብት ነው «ተደራሽ የሚሆነው»። በቀበሌ መዝገብ ውስጥ ፀሐይ የሚለው ቃል የቀረው በአንድ ስፍራ ብቻ ነበር፤ በድሮ ሴቶች ስም ላይ።

በሳምንቱ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የጣሪያው ሰሌዳዎች መክደኛቸው ቀጭ ቀጭ እያለ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። እትዬ ሶልያና ከጓሮ እየሮጡ መጡ።

«ምን ሆነህ ነው የዘጋኸው?»

«የሥራ ቦታው ታሽጓል» አለ ቀበሌ፤ ክሱንም አነበበ። ማሸጊያውን በእጅ መክፈት ወንጀል እንደሆነ፣ የከፈተ ሰው ጫጩቶቹ እንደሚወረሱበት ጨመረ።

«አንተ፣ ፀሐይ እኮ ሰው አይደለችም!»

«እንዲህ ያለ አነጋገር በሠራተኛ ላይ መጠቀም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።»

«ሰማይ ላይ ያለችው ፀሐይ ነው የምልህ!»

ቀበሌ መዝገቡን አገላበጠ። «ወይዘሮ ፀሐይ ያሉት ሰማይ ቤት ነው?»

«አዎ! ሰማይ ላይ!»

«ነፍስ ይማር። ያረፉት በሥራ ላይ እያሉ ነው?»

«አልሞተችም! ይኸውልህ እንደዚህ ቆማ ዐይኔን እያጠፋችው!»

«በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ጠብ አለ ብዬ ልመዝግብ?»

እትዬ ሶልያና ወገባቸውን ይዘው ጣሪያውን አዩ። ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ የትናንቱን ሙቀት ይዟል፤ እየቀነሰም ቢሆን እስከ ማታ ያደርሳል። ዛሬ ካልተከፈተ ግን ውሃው ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ከአጥር ወዲያ ጎረቤታቸው ጋሽ ማክቤል አንገታቸውን አስግገው ይሰሙ ነበር። ጋሽ ማክቤል በወጣትነታቸው ስልክ ፊት በመጨፈር አገር ያወቃቸው ሰው ናቸው፤ ዛሬ ከዚያ ሁሉ ዝና የቀራቸው የጉልበት ሕመም ብቻ ነው።

«ሶሊ» አሉ፣ «ሠራተኛ ቀጥረሽ ከእኛ ትደብቂ? ቆንጆ ናት?»

«ማክቤል፣ ዛሬ አትቀልድብኝ። ማታ ሦስት መቶ ጫጩት ነው የሚሞትብኝ።»

ጋሽ ማክቤል ቀልዳቸውን ዋጡ። «ግማሹን እኔ ጋቢ ውስጥ አስገቢያቸው እንጂ።»

«ተገላብጠህ ልትጨፈልቅልኝ? ይልቅ ጫማህን አድርግ፤ ቀበሌ እንሂድ።»

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከቤት ከሚሰማው ድምፅ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ወረፋ መኖሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ስክሪኑ እንዳያንጸባርቅ ብለው ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ወፍራም መጋረጃ ጋርደውበታል። ከጠረጴዛው ኋላ የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ሰው ተቀምጧል፤ ማኅተም መቺው ኢዮስያስ። ሁሉ ነገር ለድምፁ ሲተላለፍ ማኅተም ብቻ በሰው እጅ ይመታ ተብሎ ቀርቷል። ማሽን ማኅተሙን መምታት ያውቃል፤ ከመምታቱ በፊት እፍ ማለት ግን አልቻለበትም። እፍ ያልተባለበትን ማኅተም ደግሞ የትም ቢወስዱት የሚቀበል የለም።

እትዬ ሶልያና ጉዳያቸውን አስረዱ። ቀበሌ አዳመጠ። «ሲስተም የለም» አለ።

«አንተ ነህ እኮ ሲስተሙ!» አሉ ጋሽ ማክቤል።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ኢዮስያስ ወደ እትዬ ሶልያና ጎንበስ አለና ድምፁን ቀነሰ። «እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ? በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሱታል። ‹እንደ ልጄ ነው የማያት› ይበሉት።»

«ምን?»

«‹እንደ ልጄ ነው የማያት።› እዚህ መዝገብ ቤት ያለው የሠራተኛ ክስ በሙሉ የተዘጋው በሷ ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ! ሲሰማት ወዲያው ይዘጋዋል፤ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ከዚያ ሰሌዳው ይከፈታል፣ እርስዎም በጊዜ ቤትዎ ይገባሉ።»

«በይ እንግዲህ!» አሉ ጋሽ ማክቤል እጃቸውን እያፋተጉ። «በያት!»

እትዬ ሶልያና ዐይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። ኢዮስያስ ያልሰሙ መስሎት ሊደግምላቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሱ።

«እቺን ዐረፍተ ነገር አውቃታለሁ» አሉ። «ስምንት ዓመቴ ነበር አዲስ አበባ ሰው ቤት ስገባ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እመቤቲቱ ‹ሶልያናን እኮ እንደ ልጃችን ነው የምናያት› ይሉ ነበር። እንግዶቹም ‹ታድላለች› ይላሉ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሳህኑ እስኪመለስ እጠብቃለሁ፤ የተረፈ ካለ ምሳዬ እሱ ነዋ። ልጆቻቸው ግን ትርፍ ሲበሉ አይቼ አላውቅም።»

«ሶሊዬ» አሉ ጋሽ ማክቤል ለስለስ ብለው፣ «ገብቶኛል። ግን ይቺ እኮ ፀሐይ ናት። አይከፋት፣ አይርባት። ጫጩቶቹ ናቸው የሚሞቱት።»

«ጫጩቶቼ አይሞቱም። ዐረፍተ ነገሯንም አልልም።» ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «ስማ ቀበሌ፤ ክሱ ያለ ውል አሠራሽ ነው አይደል የሚለው? እሺ፣ ውል ጻፍ።»

ኢዮስያስ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ ማኅተሙን አስቀመጠ። ቀበሌም አልሰማም ነበር መሰል፣ ባዶ ቅጽ ሲፈልግ ቆየ።

«የሥራ ሰዓት?» አለ በመጨረሻ።

እትዬ ሶልያና አሁን ተምረዋል። ቃሉን እንደ እንቁላል ይዘው ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ጠዋት አሥራ ሁለት ትገባለች። ማታ አሥራ ሁለት ትወጣለች።»

«ሌሊት?»

«ሌሊት ቤቷ።»

«ሌሊት ጫጩቶቹን የሚያሞቀው ማን ነው?»

«ውሃው።»

«ውሃው የአባታቸው ስም ማን ይባላል?»

«ዕቃ ነው! ዕቃ ብለህ ጻፍ!» ጮኹ ጋሽ ማክቤል።

«የሳምንት ዕረፍት?»

«ደመና የሆነ ቀን ሁሉ» አሉ እትዬ ሶልያና።

«የዓመት ፈቃድ?»

«ክረምቱን በሙሉ።»

«ለጋስ አሠሪ ነዎት። ምሳ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ከእኔ ቀድማ ትበላለች። ይህንን አስምርበት።»

«ተሰምሯል። አሁን ሠራተኛዋ ለፎቶና ለፊርማ በአካል ይቅረቡ። ውክልና አንቀበልም።»

ኢዮስያስ ራሱን ያዘ። እትዬ ሶልያና ግን ወደ መጋረጃው እያዩ ነበር። «ማክቤል» አሉ፣ «መጋረጃውን ክፈትላት። ደጅ ቆማለች።»

ጋሽ ማክቤል መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት። ዘመን የተኛበት አቧራ ወረደ፤ ከአቧራው ኋላ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ይመለከት ነበርና፣ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ዘው ብላ ገባች። ወንበሩም፣ ፋይሉም፣ የኢዮስያስ ግንባርም ቢጫ ሆነ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ዐይናቸውን በእጃቸው ጋረዱ። አንዲት ሴትዮ «እሰይ፣ ሞቀን» አለች።

«እባክዎ ወይዘሮ ፀሐይ፣ ቀና ይበሉ» አለ ቀበሌ። ካሜራው ብልጭ አለ። ስክሪኑ ላይ የታየው ነጭ ነገር ብቻ ነበር፤ ዐይን የለው፣ አፍንጫ የለው።

«ፎቶው ሠራተኛዋን አይመስልም» አለ ቀበሌ። «ስለዚህ ለመታወቂያ የሚፈለገውን ደረጃ ያሟላል። ይፈርሙ።»

ውሉ እየተንኳኳ ወጣ፤ ሙቀት ሲነካው በሚጠቁረው በዚያ በስስ የደረሰኝ ወረቀት ላይ። ኢዮስያስ ወስዶ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሦስቱም ቆመው አዩት። ፀሐይ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ታበራዋለች፤ የት ጋ እንደምትፈርም ግን አታውቅም።

«መጻፍ የማይችሉ ከሆነ አሻራ ይበቃል» አለ ቀበሌ።

ጋሽ ማክቤል የንባብ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አነሱ። ወፍራም ናት፤ ያለሷ የራሳቸውን ጣት አያዩም። ልጅ ሆነው በእንዲህ ያለ መስታወት ጉንዳን ያሳድዱ እንደነበር ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። መነጽሯን ወረቀቱ ላይ ከፍ ዝቅ አደረጓት። የተበተነው ብርሃን ተሰበሰበ፣ ተሰበሰበና ጤፍ አከለ።

«ወደ ግራ» አሉ እትዬ ሶልያና። «የፊርማው መስመር ላይ። ጠጋ በል እንጂ!»

«ሳላይ ነው የምታዝዢኝ? እጄ ይንቀጠቀጣል!»

«ስትጨፍር አይንቀጠቀጥም ነበር!»

ወረቀቱ ጠቆረ። ጥቁሩ አውራ ጣት አከለና መሀሉ ተበስቶ ቀጭን ጭስ ወጣው። ጋሽ ማክቤል መነጽራቸውን ቶሎ አነሱ።

«አሻራው ትንሽ ጠንከር ብሏል» አለ ቀበሌ። «ተቀብያለሁ።»

ኢዮስያስ ማኅተሙን አነሳ። አፉ ዘንድ አስጠግቶ እፍ አለበት፤ ከዚያ ከተቃጠለው ቀዳዳ አጠገብ ጠረጴዛው እስኪናጋ መታው። ወረፋው አጨበጨበ።

ቤት ሲደርሱ መክደኛው ተከፍቶ ነበር፤ ፀሐይም ገና ከባሕር ዛፎቹ በላይ ናት። ሰሌዳው ጠጣ። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ ቢጫ ክምር ሆነው ይንጫጫሉ። እትዬ ሶልያና በርጩማ ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ከክምሩ ጫፍ አንዱ ወረደ። ቀጥሎ ሁለቱ። ፀሐይ ዛፎቹ ላይ ስትደርስ ክምሩ ፈርሶ ነበር፤ ሲመሻሽ ወለሉ በሙሉ የተበተነ በቆሎ ሆነ።

«ወይዘሮ ፀሐይ ሰዓታቸውን አክብረው ወጥተዋል» አለ ቀበሌ ከበሩ መቃን።

«ደህና ትደር» አሉ እትዬ ሶልያና።

ነገሩ እዚህ ባበቃ ነበር። ቀበሌ ግን አንዴ ፊቷን ከለየ በኋላ ፀሐይን የትም ያያት ጀመር። ወይዘሮ ፀሐይ በሌሎች ቤቶችም እንደምትሠራ ደረሰበት፤ የዚህን ቤት ልብስ ታደርቃለች፣ የዚያን ቤት በርበሬ ታደርቃለች፣ የአራስ ቤቱን ሕፃን ጠዋት ጠዋት ደጅ ተቀምጣ ታሞቃለች። ሁሉንም ያለ ውል። ስለዚህ በየበሩ ጠየቀ። ወሬው ከጽሕፈት ቤቱ ወረፋ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ማንም አልተጨነቀም። ባለ ልብሱም፣ ባለ በርበሬዋም፣ የአራሷ እናትም ያችኑ የኢዮስያስን ዐረፍተ ነገር መለሱ። ክሱ ሁሉ በዚያው ቅጽበት ተዘጋ።

የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ እንዲህ ይላል፤ በከተማዋ ወይዘሮ ፀሐይ በሠራተኛነት የምትገኘው በአንድ ቤት ብቻ ነው። በቀሩት ቤቶች ሁሉ ልጅ ናት።

«አንተስ?» አሉ እትዬ ሶልያና ያን ቀን። ጋሽ ማክቤል እንደ ልማዳቸው ለምሳ ብቅ ብለው ነበር። «በርህ ላይ ሲጠይቅህ ምን አልከው?»

ጋሽ ማክቤል መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር። «እኔማ... ያው... ጉልበቴን ነው የምታሞቅልኝ፤ ለዚህች ደግሞ ውል...»

«ማክቤል።»

«እንደ ልጄ አልኩት፤ ምን ላድርግ! የጽሕፈት ቤቱ ወረፋ እኮ እስከ አስፋልቱ ደርሷል!»

እትዬ ሶልያና ሳህን አነሱ፤ ከድስቱ የመጀመሪያውን ጭልፋ አወጡበት፤ እንጀራውንም ከመሶቡ ላይኛውን። ለጋሽ ማክቤል አቀበሏቸው። ጋሽ ማክቤል ደስ ብሏቸው ለመቁረስ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እትዬ ሶልያና በጣታቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱ።

«አድርስላት።»

«እኔ? በዚህ ጉልበቴ? ምሳዋን እኮ ቁራ ነው የሚበላው!»

«እኔ ያለብኝ ማቅረብ ነው። ከበላች በኋላ ለማን እንደምታካፍል የሷ ጉዳይ ነው።»

ጋሽ ማክቤል እያጉረመረሙ መሰላሉን ወጡ። ሳህኑን ከጥቁሩ ሰሌዳ አጠገብ አስቀምጠው ቀና ሲሉ ፀሐይ አናታቸው ላይ ነበረች። ሁለት ቁራዎች ከጎረቤት ቆርቆሮ ተነሥተው መጡ። ከታች፣ ከሞቀው ወለል፣ ክንፋቸው ላባ መያዝ የጀመረ የሌላ ዙር ጫጩቶች ድምፅ ይሰማል።

«ወይዘሮ ፀሐይ ምሳቸውን በልተዋል?» አለ ቀበሌ።

እትዬ ሶልያና ወደ ጣሪያው አንጋጠው ጠበቁ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ በመሰላሉ ሲወርድ አዩ።

«በልታለች» አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና ለምሳ ቀረቡ።